ከብሪስቶል እስከ ባዝ፦ የእንግሊዝን የባላባት ግቢዎች በብስክሌት የመጎብኘት አሠራር

በእንግሊዝ አገር የባላባት ግቢን በብስክሌት ሊያይ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በሩ ላይ ነው። ስልኩ ላይ የግቢውን ስም ይጽፋል፤ ካርታውም ወደ መኪና መግቢያው ይመራዋል። የመኪና መግቢያው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለው መኪኖች በሰዓት 80 እና 100 ኪሎ ሜትር በሚበርሩበት፣ ዳር መያዣ በሌለው ጠባብ አስፋልት ላይ ነው። በሌላ በኩል፣ ዱሮ ሠራተኞችና ፈረሰኞች ይገቡበት በነበረው በር፣ ጸጥ ያለ መንገድ ይኖራል። ስለዚህ መስመር ስታወጡ ከበሩ ጀምሩ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በብሪስቶልና በባዝ ከተሞች ዙሪያ ላለው አካባቢ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ግቢዎቹን የሚያገናኙት መንገዶች በአብዛኛው መኪና የማይገባባቸው፣ ከቀድሞ የባቡር ሐዲድና ከቦይ ዳር የተሠሩ ናቸው። ሁለተኛ፣ መንገዱ ዳር ፌርፊልድ ሃውስ አለ፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው የኖሩበት ቤት። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቶቹም እንደ አገሩ ናቸው። ይህን አስቀድመን የምንለው «በ4 ሰዓት ይዘጋል» ሲባል ከቀኑ 10 ሰዓት ማለት መሆኑን ረስቶ የተዘጋ በር ላይ የሚደርስ ሰው ስለማይጠፋ ነው።

መስመር ማውጣት

የግቢውን ድረ ገጽ ክፈቱና «እንዴት እንደሚመጡ» የሚለውን ክፍል አንብቡ። ስለ ብስክሌት የተጻፈ ነገር ካለ የምትገቡበትን በር የሚነግራችሁ እሱ ነው። ቀጥሎ ሦስት ነገር መዝግቡ፦ የመጨረሻ መግቢያ ሰዓት፣ ብስክሌት የሚታሰርበት ቦታ፣ ሕንፃው የሚዘጋበት ቀን። ግቢው ክፍት ሆኖ ቤቱ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው፤ በብርዱ ወራት በተለይ።

ከዚያ ካርታ ላይ የብሔራዊ የብስክሌት መረብ መስመሮችን ፈልጉ። መሬት ላይ የምታገኙት ምልክት ሰማያዊ ሰሌዳ፣ ነጭ የብስክሌት ሥዕልና በቀይ አራት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ነው። ለዚህ ጉዞ የሚያስፈልጓችሁ 4፣ 24፣ 33 እና 244 ናቸው። ሰሌዳ ላይ ያለው ርቀት በማይል ነው፤ አንድ ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር።

በገጠር መንገድ ላይ የቀስቶቹን ቀለም ማወቅ ግድ ነው። ቢጫ ቀስት የእግረኛ ብቻ ነው፤ ብስክሌት አይነዳበትም። ሰማያዊ ቀስት የፈረስ መንገድ ነው፤ ከ1968 ጀምሮ ብስክሌትም በሕግ ተፈቅዶለታል፣ ነገር ግን ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ ትሰጣላችሁ። ወይን ጠጅና ቀይ ቀስት ያለበትም ይቻላል። ሰማያዊ ስላያችሁ ብቻ አስፋልት አትጠብቁ፤ ከዝናብ በኋላ የፈረስ ኮቴ ያቦካው መንገድ ለቀጭን ጎማ ፈጽሞ አይሆንም።

ፍጥነታችሁን ስታሰሉ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ያዙ። አስፋልት ላይ 18 የሚነዳ ሰው እንኳ በር እየከፈተ፣ ለእግረኛ እየቆመ፣ ፎቶ እያነሳ ከዚህ አያልፍም። በታኅሣሥ 4 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ላይ ይጨልማል፤ በሰኔ መጨረሻ ግን እስከ 9 ሰዓት ተኩል ምሽት ብርሃን አለ። በቀን ሁለት ግቢ ይበቃል። ሦስት ካደረጋችሁ ሦስተኛውን የምታዩት በሩን ብቻ ነው።

ብስክሌቱ

ለዚህ አካባቢ የሚስማማው ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ የገጠመ ተራ ብስክሌት ነው። የእሽቅድምድም ብስክሌት በባቡር ሐዲዱ መንገድ ላይ ይሄዳል፤ በቦይ ዳር ጠጠር ላይ ግን ያንገላታል። የተራራ ብስክሌት ሁሉንም ይችላል፣ ግን አስፋልት ላይ ጉልበት ይበላል።

ከመውጣታችሁ አንድ ቀን በፊት እንዲህ ፈትሹ፦

1. ጎማ። 75 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ70 እስከ 80 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ)፣ ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከ45 እስከ 55 ይበቃዋል። የኋላውን በ5 ጨምሩ፤ ክብደቱ ያረፈው እሱ ላይ ነው። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን አትለፉ። በጣት ተጭኖ «ደህና ነው» ማለት አያስተማምንም፤ 30 እና 50 ፒኤስአይ በጣት ሲነኩ አንድ ይመስላሉ።

2. ፍሬን። የፊቱን ያዙና ብስክሌቱን ወደ ፊት ግፉ፤ የኋላው ቸርኬ ከመሬት መነሳት አለበት። የኋላውን ይዛችሁ ስትገፉ ደግሞ ጎማው መንሸራተት እንጂ መዞር የለበትም። የፍሬን ላስቲኩ ላይ ያለው መስመር ከጠፋ ቀይሩት። ከተከራያችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በእንግሊዝ የቀኝ እጅ ፍሬን የፊቱን ቸርኬ ነው የሚይዘው። በሌሎች ብዙ አገሮች በተቃራኒው ነው። ባዝ ቁልቁለት ላይ ይህን መማር አደጋ ነውና ከሱቁ በር ላይ ሞክሩት።

3. ካቴና። በጨርቅ ጥረጉ፤ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ከዚያ ትርፉን መልሳችሁ ጥረጉ። ዘይት የበዛበት ካቴና የቦይ ዳሩን አቧራ ሰብስቦ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ማርሹን ይበላዋል።

4. ኮርቻ። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች ያለው ፔዳል ላይ ስታሳርፉ እግር ቀጥ ማለት አለበት። ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበት ያሳምማል፤ ሕመሙ የሚመጣው ደግሞ በማግስቱ ነው።

5. መብራት። የፊት ነጭ፣ የኋላ ቀይ። በጨለማ ለመንዳት በሕግ ግዴታ ነው፤ የኋላ ቀይ አንጸባራቂና የፔዳል አንጸባራቂም እንዲሁ። በዚህ መስመር ሦስት ዋሻ ስላለ በጠራራ ፀሐይም ያስፈልጋችኋል። ሄልሜት በሕግ ግዴታ አይደለም፤ እኛ ግን አድርጉ እንላለን።

በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ለባዝ ዳገት እውነተኛ መፍትሔ ነው። ሞተሩ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ መርዳቱን ያቆማል። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ ደረጃ ወይም ጠባብ የብረት በር ሲያጋጥም ለብቻ ማንሳት ይከብዳል።

ቦርሳ ውስጥ የሚገባው

ሁለት ካላማዳሪ (ልኩ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ጋር የተመሳሰለ፣ የመንፊያ አፉም ከመንፊያችሁ ጋር የሚገጥም)፣ ልጣፊና ማስቲሽ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ ፕላስቲክ፣ ትንሽ መንፊያ፣ ባለ 4፣ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ። ቸርኬው በብሎን የታሰረ ከሆነ ባለ 15 ቁልፍ ጨምሩ፤ ያለ እሱ ካላማዳሪው ዋጋ የለውም።

የዝናብ ጃኬት በሐምሌም ቢሆን አይቀርም። አንድ ሊትር ውኃ ለሦስት ሰዓት ይበቃል። ምግብን በተመለከተ የግቢዎቹ ሻይ ቤቶች ኬክ፣ ሾርባና ሳንድዊች አያጡም፤ ለጿሚ ግን ቅቤና ወተት ያልገባበት ነገር ሁልጊዜ አይገኝም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ አይበላሽም፣ አይጨማለቅም፣ እየነዱም ይበላል። በሶ በጠርሙስ ውኃ ተበጥብጦ ዳገት ከመውጣት በፊት ከማንኛውም የስፖርት መጠጥ አያንስም።

ቁልፍ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። አንዱ ጠንካራ የዩ ቅርጽ ያለው ሆኖ አካሉንና የኋላ ቸርኬውን ከማሰሪያው ብረት ጋር ይይዛል፤ ሌላው ሽቦ የፊቱን ቸርኬ። በግቢ ውስጥ ስርቆት ከከተማው ያነሰ ነው። ብሪስቶል መሐል ላይ ግን ለአምስት ደቂቃም ሳታስሩ አትግቡ።

በባቡር

ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ ባዝ ስፓ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ብሪስቶል ቴምፕል ሚድስ ከዚያ 15 ደቂቃ ያህል ይቀጥላል። በረጅም ርቀት ባቡሮች ላይ የብስክሌት ቦታ ጥቂት ስለሆነ ቲኬት ስትቆርጡ አብራችሁ ያዙ፤ ክፍያ የለውም። ቦታው የትኛው ፉርጎ ላይ እንደሆነ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ጠይቁ። ፉርጎው በጣቢያው ጫፍ ቢቆም ባቡሩ አይጠብቃችሁም። ከባዝ ብሪስቶል በሚመላለሱት አጫጭር ባቡሮች ቦታ መያዝ አያስፈልግም፣ ቀድሞ የደረሰ ይጭናል። ሰው ወደ ሥራ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ግን አትሞክሩት።

መንገድ ላይ

መንዳት በግራ ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ሰው የሚሳሳተው በዋናው መንገድ ላይ ሳይሆን ከግቢ ሲወጣ፣ ባዶ መንገድ ላይ ነው። መኪና በማይታይበት ቦታ እጅ በልማድ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አደባባይ ላይ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል።

ከእግረኛ ጋር በምትጋሩት መንገድ ከሃያ ሜትር ርቀት ላይ ደወሉን ሁለቴ ምቱ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ስታልፉም አመስግኑ። አጠገባቸው ደርሳችሁ ብትደውሉ ይደነግጡና ወደ እናንተው ይዘላሉ። ፈረስ ሲያጋጥማችሁ ደወል አትምቱ፤ በድምፅ «ሄሎ» በሉና ፈረሰኛው ሲፈቅድ ሰፋ አድርጋችሁ እለፉ።

በግጦሽ ግቢዎች መግቢያ ላይ ከብት እንዳይወጣ መሬት ላይ የተነጠፈ የብረት ዘንግ አለ። ቀጥ ብላችሁ፣ መሪውን ሳትጠመዝዙ፣ ፍሬን ሳትይዙ፣ ከኮርቻ ትንሽ ተነሥታችሁ እለፉት። በዝናብ ጊዜ ውረዱና በጎን ባለው በር ግፉት፤ እርጥብ ብረት ላይ በሰያፍ የገባ ጎማ ወዲያው ይጥላል። በር ከፍታችሁ ከገባችሁ መልሳችሁ ዝጉ፤ ክፍት ሆኖ ያገኛችሁትን ግን ክፍት ተዉት፣ ገበሬው ያወቀበት ምክንያት አለው። ጥጃ ያላት ላም ካለች ውረዱ፣ በእሷና በጥጃዋ መካከል አትለፉ። ይህን ለአበሻ ማስረዳት አያስፈልግም ይሆናል፤ ከተማ ላደገው ግን ይነገር።

አንደኛ ቀን፦ አሽተን ኮርትና ቲንትስፊልድ

ከቴምፕል ሚድስ ተነሥታችሁ የወደብ ዳሩን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያም ፌስቲቫል ዌይ በሚባለው መስመር 33 ላይ ትገባላችሁ። አሽተን ኮርት 850 ኤከር የሚሆን፣ የከተማው ምክር ቤት ይዞታ የሆነ ሰፊ ግቢ ነው። የስሚዝ ቤተሰብ ከ1545 ጀምሮ እስከ 1946 ድረስ አራት መቶ ዓመት ይዞት ነበር፤ ምክር ቤቱ በ1959 ገዛው። በእግርም ሆነ በብስክሌት ለሚገባ ክፍያ የለውም።

ግቢው ብዙ በር አለው፤ ለብስክሌት የሚሆነው ግን በታችኛው በኩል፣ በኬነል ሎጅ መንገድ ያለው ነው። ከላይ በኩል ያለው መግቢያ ውብ እይታ አለው፣ እዚያ ለመድረስ ግን ረጅም ዳገት ከመኪና ጋር ትጋፋላችሁ። ከታች ገብታችሁ ቤቱ ድረስ ውጡ፣ ከቤቱ ፊት ያለውን ሜዳ እዩ፣ ከዚያ ተመልሳችሁ ቸርች ሎጅ በሚባለው በር ወደ ሎንግ አሽተን ውጡ። የአጋዘን ክልሉ በአጥር የተለየ ነው። የተራራ ብስክሌት ያለው ሰው ግቢው ውስጥ የተሠራለት የጠጠር መንገድ አለለት፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ምልክቱን ተከተሉ። በነሐሴ የባሉን ፌስቲቫል ባለበት ሳምንት መጨረሻ ግን አትምጡ፤ ከ1979 ጀምሮ የሚደረግ ትልቅ በዓል ስለሆነ ብስክሌት መግፊያ ቦታ እንኳ አይገኝም።

ከሎንግ አሽተን በኋላ መስመር 33 በእርሻና በመንደር መካከል ወደ ፍላክስ ቦርተንና ወደ ኔይልሲ ይቀጥላል። የቲንትስፊልድን ምልክት ስታዩ ታጠፉ። እዚህ ላይ ነው ካርታው የሚያሳስተው፦ የመኪናው መግቢያ ቢ3128 በሚባለው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስለሆነ ስልኩ ወደዚያ ይጎትታችኋል። አትስሙት፤ የብስክሌቱን ሰሌዳ ተከተሉ። የመጨረሻው ክፍል ዳገት ነው፣ ትንሹን ማርሽ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት አስገቡ። መሐል ላይ ጨክናችሁ ብትቀይሩ ካቴናው ይወድቃል።

ቲንትስፊልድ ታሪካዊ ቤቶችንና ግቢዎችን የሚጠብቀው የናሽናል ትረስት ነው፤ ተቋሙ በ1895 የተመሠረተ ሲሆን ይህን ቤት የያዘው በ2002 ነው። ቦታውን በ1843 የገዛው ዊልያም ጊብስ ሀብቱን ያካበተው ከደቡብ አሜሪካ የወፍ ኩስ ለማዳበሪያ በማስመጣት ነው። ቤቱን ስታዩ ያን ሁሉ ሹል ጣሪያና ቅርጻ ቅርጽ የከፈለው የወፍ ኩስ መሆኑን ማሰብ ደስ ይላል። መግቢያው ይከፈልበታል፣ የትረስቱ አባል በነፃ ይገባል። ብስክሌቱን መቀበያው አካባቢ እሰሩ፤ በአትክልቱ ውስጥ አይነዳም፣ አይገፋምም። ትልቅ የጀርባ ቦርሳ ቤት ውስጥ ከፊት አንግቱ ወይም አስቀምጡ ይሏችኋልና ዋጋ ያለውን በትንሽ ቦርሳ ለይታችሁ ያዙ። ደርሶ መልሱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ነው።

ዲርሃም ፓርክስ? ቤቱ ድንቅ ነው፤ የጎብኚ በሩ ግን ከኤ46 ዋና መንገድ ላይ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ልምድ የሌለው ሰው ብስክሌት እንዲነዳ አንመክርም።

ሁለተኛ ቀን፦ የሐዲዱ መንገድና ፌርፊልድ ሃውስ

ከብሪስቶል ባዝ የሚወስደው የሐዲድ መንገድ 13 ማይል፣ ማለትም 21 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡሩ በ1960ዎቹ ከቆመ በኋላ ከ1979 እስከ 1986 ባለው ጊዜ በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት ጭምር ወደ ብስክሌት መንገድ ተለወጠ፤ የብሔራዊው የብስክሌት መረብ ሐሳብ ያደገውም ከዚህ ነው። ሦስት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስፋልት ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ እናንተም ዳገት አታገኙም።

መነሻው በሴንት ፊሊፕስ፣ ኦልድ ማርኬት አጠገብ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በከተማ ውስጥ ያልፋል፤ ጠዋት ወደ ሥራ የሚጣደፉ ብስክሌተኞች ስላሉበት ከ9 ሰዓት በኋላ ውጡ፤ ከጨለመ ደግሞ ለብቻ አትንዱበት። ከፊሽፖንድስ አልፎ የስቴፕል ሂል ዋሻ አለ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል። ከጣሪያው ውኃ ያንጠባጥባል። ከብርሃን ስትገቡ ዓይን እስኪለምድ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋልና ፍጥነት ቀንሱ፣ የፀሐይ መነጽር አውልቁ።

ቀጥሎ የማንጎትስፊልድ የፈረሰ ጣቢያ ነው። እዚህ መንገዱ ይከፈላል፤ የባዙ ወደ ቀኝ ነው። ዎርምሊ ላይ ዋና መንገድ ስለምትሻገሩ ቁልፉን ተጭናችሁ አረንጓዴ ጠብቁ። ቢተን ጣቢያ ላይ በእንፋሎት የሚሄዱ አሮጌ ባቡሮች በአንዳንድ ቀን ይሠራሉ፤ ሻይ፣ ሽንት ቤትና መቀመጫ ስላለ ዋናው ማረፊያ እዚህ ይሁን። ከዚያ በኋላ መንገዱ የኤቨንን ወንዝ በድልድይ ደጋግሞ እየተሻገረ በሳልትፎርድ በኩል ወደ ባዝ ይወርዳል።

ባዝ ዳርቻ፣ ኒውብሪጅ ላይ ስትደርሱ ብራስሚል ሌን ላይ ትወጣላችሁ። ብዙው ሰው ወንዙን ይዞ ወደ መሐል ከተማ ይቀጥላል። እናንተ ግን ወደ ላይ ታጠፉ። ኒውብሪጅ ሮድን በእግረኛ ማቋረጫ ተሻገሩና ፌርፊልድ ሃውስ ወዳለበት ወደ ኬልስተን ሮድ ውጡ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ውረዱና ግፉት። መኪና የሚበዛበት ስለሆነ እየተንገዳገዱ ከመንዳት በእግረኛ መንገዱ መግፋት ይሻላል።

ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1936 ከአገር ወጥተው፣ ሰኔ 30 ቀን በጄኔቭ ለመንግሥታት ማኅበር ንግግር ካደረጉ በኋላ ይህን ቤት ገዝተው ከቤተሰባቸውና ከተከታዮቻቸው ጋር እስከ 1940 ኖሩበት። በ1954 ወደ ባዝ ተመልሰው የከተማዋን የክብር ነዋሪነት ተቀበሉ፤ በ1958 ደግሞ ቤቱን ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሆን ለከተማው ሰጡ። ከቲንትስፊልድ ለሚመጣ ሰው ቤቱ ትንሽ ይመስላል፤ የባላባት ግቢ ሳይሆን ትልቅ የከተማ ዳር ቪላ ነው። ነገር ግን በዚህ መስመር ላይ አበሻ የሆነ ሰው ረጅሙን ጊዜ የሚያሳልፈው እዚህ ነው፣ ሁለት ሰዓት ያዙለት።

ቤቱን የሚጠብቀው የአካባቢ ማኅበረሰብ ነው፤ እንደ ሙዚየም በየቀኑ አይከፈትም፣ አረጋውያንም ይገለገሉበታል። ስለዚህ የጉዞውን ቀን ቤቱ በሚከፈትበት ቀን ላይ አሳርፉ፤ የቀሩትን ግቢዎች በዙሪያው ደርድሩ። ሰው በዝታችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው። ጭቃ የነካውን ጫማ በር ላይ ጥረጉ፣ የአረጋውያኑን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ መዋጮ ሣጥኑንም አትለፉት። ስትወርዱ ያው ዳገት ቁልቁለት ይሆናልና ፍሬኑን ከላይ ጀምራችሁ ያዝ ለቀቅ አድርጉ።

ሦስተኛ ቀን፦ ሁለቱ ዋሻዎች፣ ቦዩና ፕራየር ፓርክ

ይህ ዙር ራሱም 13 ማይል ነው። ዋሻዎቹን አስቀድሙ፣ ቦዩን ለመመለሻ ተዉት። በተቃራኒው ብትሄዱ ከሚድፎርድ ጀምሮ ስትደክሙ ነው ወደ ዋሻው የምትወጡት።

ከባዝ ምዕራብ ዳርቻ በመስመር 244 ስትነሡ እስከ ዴቮንሻየር ዋሻ ድረስ ቀስ ያለ ዳገት ነው፤ በየ50 ሜትሩ አንድ ሜትር። ዋሻው 400 ሜትር ያህል ነው። ሸለቆዋን ተሻግራችሁ ወደ ኮም ዳውን ዋሻ ትገባላችሁ፦ 1,672 ሜትር፣ በ2013 ለብስክሌት ሲከፈት በብሪታንያ ረጅሙ የብስክሌት ዋሻ የተባለ። መሐሉ ላይ ሙዚቃ ይሰማል፤ አትደንግጡ፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። መብራቱ ከንጋቱ 5 እስከ ምሽቱ 11 ሰዓት ይበራል፣ ደብዛዛ ነው። በሐምሌ ሙቀት ላብ ብሏችሁ ብትገቡ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባልና ጃኬቱን ከመግባታችሁ በፊት ልበሱ። የእናንተን የፊት መብራት ወደ መሬት ዝቅ አድርጉ፤ ከፊት የሚመጣውን ሰው ማሳወር አይገባም። የሚያብለጨልጭ አታድርጉት።

ከሚድፎርድ በመንክተን ኮም በኩል ጠባብ የመንደር መንገድ ይዛችሁ ወደ ዳንዳስ ትደርሳላችሁ። በ1805 የተጠናቀቀ፣ ጆን ሬኒ የነደፈው፣ ጀልባ በወንዝ ላይ የሚያሳልፍ የድንጋይ ድልድይ ነው። ከዚህ ባዝ ድረስ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ሜዳ ነው፣ በኬኔትና ኤቨን ቦይ ዳር። ሜዳ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል፤ ውኃ ውስጥ የሚገባውም እዚህ ነው። በድልድይ ሥር መንገዱ ይጠብባል፣ ይታጠፋል፣ ከፊት የሚመጣው አይታይም። ደውሉ፣ ከተጠራጠራችሁ ውረዱ። የጀልባ ገመድና የብረት ችንካር መንገዱ ዳር ስላለ ከውኃው በኩል አትጠጉ። ከግንቦት በኋላ ሳማ ወደ መንገዱ ያጎነብሳል፤ የእንግሊዙም ሳማ እንደ እኛው ያቃጥላል፣ ቁምጣ የለበሰ ሰው ይጠንቀቅ።

ፕራየር ፓርክ ሬልፍ አለን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ሸለቆ ያለ የአትክልት ግቢ ነው። በጣሊያናዊው አርክቴክት በፓላዲዮ ስልት ከተሠሩት፣ በዓለም ላይ አራት ብቻ ካሉት ባለ ጣሪያ ድልድዮች አንዱ እዚህ አለ። ለጎብኚ መኪና ማቆሚያ የለውም፤ በዚህ ረገድ ለብስክሌተኛ የተሠራ ይመስላል። በሩ ያለበት ሬልፍ አለን ድራይቭ ግን ብርቱ ዳገት ነው። የእኛ ምክር ብስክሌቱን ከባቡር ጣቢያው አካባቢ አስራችሁ በዊድኮም በኩል በእግር እንድትወጡ ነው፤ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። አትክልቱ ራሱ ወደ ታች ይወርዳልና መልሶ የሚያወጣ ጉልበት አስቀሩ። ይህን ያህል ዳገት ገፍቶ የመጣ ብስክሌት ለማሰር ብቻ ነው የሚሆነው።

ጎማ ሲነፍስ

በመኸር የእርሻ አጥር ቁጥቋጦ በማሽን ይቆረጣል፤ እሾሁ መንገድ ላይ ይቀራል። ከመስከረም እስከ የካቲት የሚነፍሰው ጎማ አብዛኛው ከዚህ ነው።

ቸርኬውን አውጡ። የጎማውን አንድ ጎን ከመንፊያው አፍ ተቃራኒ ጀምራችሁ በፕላስቲኩ አላቁ፤ ካላማዳሪውን ሳቡ። አሁን የሚዘለለው ደረጃ ነው፦ ጎማውን ከውስጥ በኩል ዙሪያውን በጣት ቀስ ብላችሁ ዳብሱ። እሾሁ አሁንም እዚያው ካለ አዲሱን ካላማዳሪ በአምስት ደቂቃ ይወጋዋል። መንገድ ላይ አትለጥፉ፣ ለውጡ፤ መለጠፉን ለማታ አቆዩት። አዲሱን ጥቂት ንፉና ክብ ቅርጽ ሲይዝ አስገቡ፣ ጎማውን በአውራ ጣት መልሱ። በመጨረሻው ክፍል ላይ ሲጠብቅ በፕላስቲኩ አትጎትቱ፤ ካላማዳሪውን ነክሶ ሌላ ቀዳዳ የሚያወጣው ያ ነው።

ስትለጥፉ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ አምስት ደቂቃ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ልጣፊውን አጥብቃችሁ ተጫኑ። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ይላቀቃል። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካገኛችሁ ጎማው ነፋስ አንሶት ድንጋይ ላይ ተጨፍልቋል ማለት ነው። ቀዳዳው ወደ ቸርኬው ብረት በሚያየው በኩል ከሆነ ደግሞ የውስጡ መሸፈኛ ተንሸራትቷል፤ እሱን ሳታስተካክሉ ብትለጥፉ ይደገማል።

ማታ ስትመለሱ ረጅም ሣር ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከጉልበቱ ጀርባ፣ ከብብቱና ከወገቡ ዙሪያ መዥገር ይፈልግ። አጋዘን ባለበት ግቢ መዥገር አለ፣ አንዳንዱም በሽታ ያስተላልፋል። በቀጭን መቆንጠጫ ከቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ አታቃጥሉት፣ ቅባት አትቀቡት። ቀኑን መዝግቡ፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት ቦታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ካወጣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።